የዱባ ፍሬ

«ቢራው ይቅር፤ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ጎመን ብላ፤ በጊዜ ተኛ።»
ሐኪሙ ይዘረዝራል፤ እኔ አቀረቀርኩ እንደ ጥፋተኛ።
ውጤቱን አጣጥፌ ከባጃጄ ወንበር ሥር ደበቅኩት፤
የወንድነት ሆርሞን ዝቅ ብሏል ይላል፤ ሦስቴ አነበብኩት።

ሐዋሳ ሳትነቃ አሞራ ገደል ወረድኩ። ሎንሴቆ ቆሮሶ ይገፍፋል።
«ሁለት አርግልኝ» ስለው ቢላውን አቁሞ ሳቀ፤
«ምነው፣ ማታ ሠርግ አለ?»
ጆሮዬ ሞቀ።
እንዴት ልበለው፣ ሠርግ አይደለም፣ ድካም ነው የገዛኝ፤
ጢሜ ሳይሳሳ ውስጤ ሳስቶ፣ ሚስቴ ስትነካኝ እንቅልፍ የሚይዘኝ።

ማታ ከሳህኔ ጎን የተቆላ የዱባ ፍሬ።
«ይኼ ምንድነው፣ ዳራሬ?»
ቀና ሳትል የዓሣውን እሾህ ትለቅማለች፤
«ትናንት ባጃጇን ጠርጌ ነበር» አለች።

ዝም አልን።
ፍሬውን እየፈለፈልን
ቅርፊቱን አንድ ሳህን ላይ ጣልን።