ጣት ዘጊዋ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጣት ዘጊ ነበረች፤
ካልሲው ቱቦ ሆኖ ከማሽን ሲወጣ፣ ጫፉን እየሰፋች።
በፈረቃ ሦስት ሺህ፣ ዐይኗን ሳትጥልበት፣
በጣቷ እያወቀች ክሩ የሳተበት።
እኔ ጠጋኝ ነበርሁ፤ ከማሽኖቹ ሥር
ጀርባዬ ዘይት ጠጥቶ፣ ጥርሴ መርፌ ነክሶ፣ ጢሜ ላይ የጥጥ ክር።
ሃርለን ክሪክ ነው ይሄ፣ ከአላባማ ሰሜን፤
«የዓለም እግር አልባሽ» ይሉን ነበር እኛን።

ከዚያ አንድ ሰኞ ጧት በሩ ላይ ወረቀት።
ማሽኖቹን የፈታሁ እኔው ነኝ በእጄ፤
ብሎን ከነጥርሱ፣ ሞተር ከነቅባት።
ሣጥኑ ላይ ጻፍሁ፣ «ሆንዱራስ» የሚል ቃል።
ኔልዳ ቆማ አየችኝ፤
«ጠበቅ አርገህ እሰር፣ መንገድ ይሰብራል።»
ሌላ ቃል አልወጣት።
ጣት ስትዘጋ ኖራ፣ በር ተዘጋባት።

በኋላ ሱቅ ገባች፣ ሒሳብ ተቀባይ፤
ስድስት ጥንድ በአምስት ዶላር ሲያልፍ በእጇ ላይ።
ሰው ጋብ ሲል አንዳንዴ፣ አንዱን ፓኮ ፈትታ፣ ካልሲውን ገልብጣ፣
ጣቱን ትዳስሳለች፣ እንከን ልታወጣ።
እንከን የለውም።
«ይቺ ልጅ ታውቃለች» ትለኛለች ኔልዳ፣
ስሟን ለማታውቃት፣ ባሕር ማዶ ላለች፣ ለአንዲት ጣት ዘጊ እንግዳ።

ዘንድሮ ኬላ ቆመ።
«የውጭ ዕቃ በሙሉ ቀረጥ ይከፍላል፤
የሄደ ሥራችሁ እግሩን እየጎተተ ደጃችሁ ይመጣል»
ብሎ አወጀ መንግሥት።
ፓስተሩ ጸለየ፤ ፀጉር ቤቱ ባንዲራ ሰቀለ፤
እኔም፣ ምን እዋሻለሁ፣ የመፍቻ ሣጥኔን ከአልጋ ሥር ጎትቼ
ዝገቱን በላምባ ሳብስ አመሸሁ፣
እንደ ጎረምሳ ልብ፣ ልቤ እየዘለለ።

ብራይስ፣ የድሮው ጌታችን የልጅ ልጅ፣ ሕንፃውን አደሰ።
ማሽን ግን ከየት ይምጣ?
ማሽኑ ከጣልያን፣ መርፌው ከጀርመን ነው፤
ኬላ የሰፈር ልጅ ብሎ አያሳልፈው፤
እሱንም ፈተሸው፣ ኪሱን በረበረው።
«ሰማንያ አስቤ» አለኝ፣ «ሠላሳ ገዛሁኝ።»
ሰውስ ስንት ቀጠርህ?
«ዘጠኝ።»

ኔልዳ በምረቃው ቀን ትንሿን መቀሷን
በጥብጣብ አንጠልጥላ መጣች እንደ ድሮው፣
ክር እንዳይዝባት አሳጥራ ጥፍሯን።
አዲሱ ማሽን አጉረመረመ፤ አንድ ነጭ ካልሲ ተፋ።
አነሣችው።
ገለበጠችው።
«ማነው ጣቱን የዘጋው?»
ብራይስ ሳቀ መጀመሪያ፤ ቀጥሎ አፈረ፤
«ራሱ ነው፣ እሜቴ።»
ቀረጡ መጣልን፤ የጠበቅነው ቀረ።

አልክድም፤ ዘጠኙ ዳቦ አግኝተዋል።
አንዱ የእህቴ ልጅ ነው፣ ዶይል፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ
ሠላሳውን ማሽን በአንድ መስታወት ያያል፤
ባንክ ሄዶ የቤት ብድር ጠየቀ፤
እናቱ አለቀሰች በደስታ። ይህን ማን ይጠላል?
ግን ዘጠኝ ዳቦ ቢቆርሱት፣ ለአንድ ከተማ ሕዝብ ስንት ቁራሽ ይሆናል?

ሥራን እንደ ከብት፣ አጥር ቢያጥሩለት ጋጣው የሚገባ
መስሎን ነበር ለካ። በሱቁ ግን ፓኮው ሰባት ዶላር ገባ።
ደንበኛ የሚቆጣው ኔልዳን ነው፤ ኬላ ጆሮ የለው።
እሷም ዝም ብላ መልሱን ትቆጥራለች፣
ሳንቲም በሳንቲም፣ መዳፉ ላይ አድርጋ ታሳየዋለች።

ትናንት ሱቅ ሲዘጋ የመጨረሻውን የሆንዱራስ ፓኮ ገዛች፤
መኪናዋ ውስጥ፣ መብራቱን አብርታ፣ አንዱን ገለበጠች።
«ያቺ ልጅስ» አለችኝ፣ «በሯ ላይ ወረቀት ለጥፈውባት ይሆን?»
ምን ልበላት?
ሣጥን ላይ የጻፍሁት ያ ቃል ትዝ አለኝ።
አንድ ጥንድ አወጣች፣ ለእኔ ሰጠችኝ፤
ጫማዬን አውልቄ እዚያው አደረግሁት፤
አውራ ጣቴን ባንቀሳቅስ፣ ስፌቱን አጣሁት።