የሚዛን ድንጋይ

ሥራዬ ሚዛን ነው። ቀፊራ ገበያ፣
የመንግሥት ናስ ይዤ፣ የኪሎ መለያ፣
ፀሐይ ሳትበረታ ከሱቅ ሱቅ እሄዳለሁ፤
የጎደለ ድንጋይ ሳገኝ እቀጣለሁ።

መይሙና ኢብሮን እንዲህ ተዋወቅኋት፤
ከሽንኩርቷ ኪሎ መቶ ግራም ጎድሎ፣ ሦስት መቶ ብር ቀጣኋት።
«ድንጋይም ያረጃል» አለች፤ «ይከሳል እንደ ሰው።»
ሳቄ መጣ። ጻፍሁት፣ ቅጣቱን ሳልቀንሰው።

ዘንድሮ ሰኔ ላይ፣ ቢሮዬ ከዚራ፣
መብራት በጠፋበት፣ ላብ ባሸነፈው ሥራ፣
ገባች። አልተቀመጠችም። አራት ገጽ ወረቀት
አነጠፈች ፊቴ፤ የጉዞ መድን ውል፣ ከነማኅተሙ ድምቀት።

ለዑምራ ሄዳ ነው። የጉዞ ወኪሉ
«ቪዛ ያለዚህ የለም» ስላለ በቃሉ፣
ከፍላ፣ ሳይነበብላት፣ አውራ ጣቷን ነክራ፣
አትማ ተሳፈረች ከጎረቤቶቿ ጋራ።
ጅዳ ላይ ስኳሯ ሳታስበው ወጣ፤
ሦስት ሌሊት ተኛች። ሂሳቡ ሲመጣ
የእጅ አምባሯ ሄደ፤ ቀሪውን ሰው አበደራት፤
መድን ድርጅቱም በአንድ መስመር መለሰላት፦
«ነባር ሕመም አይካስም። አንቀጽ አሥራ አራት።»

አንቀጹን ፈለግሁት መነጽሬን ጠርጌ፣
ወረቀቱን ወደ መስኮት አስጠግቼ፣ ዓይኔን ጨፈን አድርጌ።
ሰሊጥ ያህል ፊደል፣ ያውም በእንግሊዝኛ፤
ከሥሩ አሻራዋ፣ እንደ ሳንቲም ገዝፎ የተኛ።

ላስረዳት ሞከርሁ፦ ይህ የኔ ሥልጣን አይደለም፣
መድንን የሚቆጣጠር አዲስ አበባ እንጂ ድሬ ላይ የለም፣
ማመልከቻ ይጻፋል፣ ቅጂ ይያያዛል፣ ከዚያ መጠበቅ...

እጇን አነሣች። አልጮኸችም።

«ኦቦ፣ የኔን ድንጋይ መዘንኸው ፀሐይ ላይ፤
መቶ ግራም ጎድሎ ቀጣኸኝ፣ ሰው ሲያይ።
አጥፍቻለሁ፣ ከፈልሁ። ደህና። አሁን ንገረኝ፤
የእነሱን ፊደል የሚመዝነው ድንጋይ የት ነው? አሳየኝ።»

ናሱ መሳቢያዬ ውስጥ፣ አንድ ኪሎ፣ ሙሉ፣
ያበራል። ቅንጣት አልጎደለም ከአካሉ።
ውሉ ላይ ጫንሁት፣ የደቻቱ ነፋስ እንዳይወስደው፤
ለዚያ ቀን ሌላ ጥቅም አልነበረው።

ብዕሬን አነሣሁ። «ለሚመለከተው» አልሁ፤
የሚመለከተው ማን እንደሆነ ሳላውቅ ጻፍሁ።
በየመስመሩ ቆሜ በኦሮምኛ አነበብሁላት፤
«ቆይ» አለች ሁለቴ፤ ሁለት ቦታ አረምሁላት።

ሲያልቅ አውራ ጣቷን ወደ ቀለሙ ዘረጋች፤
ሳትጫን በፊት ግን ወረቀቱን ገለበጠች፣
ጀርባው ላይ የተጻፈ ነገር እንዳለ ፈለገች።