ሰሙ

ዮክሞክ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት። ከዜሮ በታች ሠላሳ ስድስት።
ናፍጣ ውስጥ ሰም አለ ይላሉ፤ ብርድ ሲጠና ይረጋል፣
ማጣሪያው ላይ እንደ ሞራ ይጋገራል።
ወርቁን እንጃ፤ አሥር ዓመት ግንድ ሳመላልስ አላየሁትም።

መካኒኳ ሲቭ ነግራኛለች፦
«ገመዱን ሰካሁ ብለህ አትተኛ፤
ጆሮህን ወደ ሞተሩ ጣል፤
ውሃው ሽሽ ካላለ፣ ማሞቂያው ሞቷል በል።»

ወጣሁ። ጆሮዬን ጣልሁ፤
ብረቱ ላይ ሊቀር ምንም አልቀረው።
ጭጭ።
የደጁ ሶኬት ነዶ ከሰል መስሏል፤
አይጥ ትሁን እርጅና፣ በዚህ ሌሊት ማን ይጠይቃል?

ደህና ሶኬት የቀረኝ አንድ፣ ከአልጋዬ ራስጌ፣
የእኔው ማሞቂያ የተሰካበት።
አየሁት።
ነቀልሁት።
ሃያ ሜትር ገመድ በመስኮት አሾለክሁ፣
ስንጥቁን በካልሲ ወተፍሁ።
ከደጅ ሽሽታው መጣ፣ ቀስ እያለ፤
እሱ እንደ አራስ ሲሞቅ አደረ፣
እኔ ከነካፖርቴ፣ ከነጫማዬ፣
ጉልበቴን ታቅፌ፣ ለሞተር ቀንቼ።

ነጋ ይባላል እንጂ እዚህ በታኅሣሥ አይነጋም።
እኔ በሦስተኛው ደወል ተነሣሁ፣
እያስነጠስሁ፣ እየተራገምሁ።
እሱ በአንድ ቁልፍ።