ገና ያልዳኸ

የካቲት ነው፤ ዶፊን፣ ማኒቶባ። ከዜሮ በታች ሠላሳ።
ማርሊስ ክትባቱን አዘጋጅታ፣ ሚዛኑን ጠርጋ ስትነሳ፣
የአራት ወር ልጅ ገባ፣ በሰማያዊ ብርድ ልብስ፣
አባትየው በር ላይ ቆሞ፣ ከጫማው የበረዶ ውሃ ሲፈስ።

አውቀዋለሁ ዳረንን፤ ሰማዩ ገና ሳይነጋ
ደጄ ድረስ መጥቶ በረዶዬን የሚጠርግ፣ አልቀበል ያለ ዋጋ።
እናቱን ያስታመምኩ እኔ፤ ሚስቱን ያዋለድኩ እኔ፤
እንዲህ ያለውን ሰው ታዲያ የምጠረጥረው በምን ዓይኔ?

ልብሱን አወለቅሁለት። ሆዱን ዳሰስኩት። ሳቀ።
ማዳመጫዬን ይዞ አልለቅም አለ፤ ጭብጡን አጠበቀ።
አንገቱን ሳዞር፣ ግራ ጆሮው ጫፍ፣ እጥፋቱ ላይ፣
የምስር ክክ የምታክል ሐምራዊ ነጥብ፤ ላልፈለጋት የማትታይ።
ከኋላዋ ሌላ አንዲት። በቃ። ስብራት የለም፣ ደም የለም።
በእርጥብ ጥጥ አሸሁት፤ አልለቀቀም፤ ቀለም አይደለም።

«ምን ሆነ?» አልኩ፣ ስለ አየሩ የምጠይቅ መስዬ።
«ከሶፋ ወደቀ» አለች እናት። «ከአልጋው ብረት ተጋጨ» አለ አባት።
ባንድ ትንፋሽ። ከዚያ ዝም፤ ክፍሉን የማሞቂያው ድምፅ ሞላበት።

ዊኒፔግ ስማር አንዲት አሮጊት ሐኪም ያለችውን እስካሁን እሰማለሁ፦
«የሚሮጥ ልጅ ጉልበቱ ሲላጥ አይቼ እስቃለሁ፤
ግንባሩ ቢያብጥ፣ ቅልጥሙ ቢበልዝ፣ ዓለምን በገላው ነው የሚለካው፤
ገና ያልዳኸ ልጅ ግን፣ ማን ወስዶ ነው የሚያጋጨው?
ጆሮ፣ አንገት፣ ሆድና ጀርባ፣ ወለል የማያገኛቸው ናቸው፤
እዚያ ምልክት ካያችሁ፣ እጅ ይሆናል ያገኛቸው።»

አንዴ አሳልፌአለሁ። ያኔ አንዲት ልጅ ነበረች፣
ታፋዋ ላይ ሰንበር ነበር፤ «ከፈረስ ወድቃ ነው» እናቷ አለች።
መዝገቡ ላይ «ፈረስ» ብዬ ጻፍኩ። ግቢያቸውን ግን አውቀዋለሁ፤
ፈረስ የላቸውም። ስምንት ዓመት ሆነ፤ ያንን ቃል አሁንም አነበዋለሁ።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ሲሉ ለገዛ ራሱ ለሚፈራ ሰው ነው፤
እዚህ ክፍል ግን፣ እኔ ባልጠረጥር የሚመነጠረው ልጁ ነው።
ሕጉ አይልም «አረጋግጪ»፤ ሕጉ አይልም «ፍረጂ»፤
«ምክንያት ያለው ጥርጣሬ ካለሽ፣ ስልኩን አንሺ» ይላል እንጂ።

ቁጭ ብዬ ነገርኳቸው፤ ቆመው ሲናገሩት ይከብዳል።
«እንዲህ ያለ ምልክት ሳይ፣ የማንም ልጅ ይሁን፣ ይደወላል፤
ራጅ ይነሳል፣ ደሙም ይታያል፤ ደሙ ቶሎ የማይረጋ ልጅም አለ፤
ማን እንደሆነ አላውቅም፣ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ ዝም ልል ግን አልተቻለ።»

ብሪያና ብርድ ልብሱን አጠፈችው፤ ዘረጋችው፤ አጠፈች።
ዳረን «አንቺ?» አለኝ። አንዲት ቃል። ብቻዋን ቆመች።

ስልኩ አሥራ አንድ ደቂቃ ሙዚቃ አሰማኝ።
ከዚያ ስሜን፣ የልጁን ስም፣ የነጥቦቹን ልክ በሚሊሜትር፤
«ወላጆቹ ያሉትን እንዳሉት ንገሪኝ» አለችኝ፤ ነገርኳት፣ ሳልጨምር።
መሰለኝ አላልኩም። «ፈረስ» አልጻፍኩም ዛሬ።
ሶፋ። የአልጋ ብረት። ሁለት ነጥብ። ግራ ጆሮ።

ለራጅ ወደ ዊኒፔግ ሲወስዱት ልጁ ተኝቶ ነበር።
አንድ እግር ካልሲ ቀርቶ፣ ማርሊስ መስኮቱ ጠርዝ ላይ አሰጣችው፣
እርጥብ እንኳ ሳይሆን።

ሌሊቱን በረዶ ጣለ። ነጋ። የሞተር ድምፅ አልሰማሁም።
ደጄ እስከ ጉልበቴ ነጭ ነው። አልገረመኝም፤ አላዘንኩም።
ውሸት፤ አዝኛለሁ። አካፋውን ከጋራዥ አወጣሁ።
እስከ መንገዱ አርባ እርምጃ። ሁለት ሰዓት ላይ ሌላ ሕፃን አለኝ።
ዛቅሁ።