ከመስኮቱ በታች

ቫልዲቪያ ዘንቧል፤ ትናንትም ዘንቦ ነበር፤
ከእኛ ፎቶኮፒ ቤት እስከ ወንዙ ድንበር
መንገዱ ጃንጥላ ነው፣ ጥቁር በጥቁር።

ዶኛ ኤርሲሊያ ገቡ፣ እርጥብ ፌስታል አቅፈው፤
ክዳኑ ያበጠ ላፕቶፕ ነው ውስጡ ያለው።
«ወንድሜ ባልዶሜሮ ወንዝ ለኪ ነበረ፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳይታክት ሲጽፍ ኖረ።
ካዬ-ካዬን» አሉ፣ «ማለዳ በየዕለቱ
ስንት ሜትር እንደደረሰ፣ ከድልድዩ ሥር ቁመቱ።
ሁሉንም አትምልኝ፣ ከፊቱ እስከ ኋላው፣
አንዲት ቀን ሳትቀር።»
ቀላል መሰለኝ ሥራው።

«አትም» የሚለውን ነካሁ።
አንድ ገጽ ወጣ።
ሃያ ሁለት መስመር፣ ሃያ ሁለት ቀን፤
የቀረው አልመጣ።

ማተሚያ ሞኝ ነው፤ እንደ በር ጠባቂ
መስኮቱ ያሳየውን ብቻ ነው አዋቂ።
ከጠርዙ በላይ ያለ፣ ከጠርዙ በታች ያለ፣
ለእሱ አልተጻፈም፤ ለእሱ ቀን አልዋለ።

ፕሮግራሙን የሠራው ድርጅት ፈርሷል ድሮ፤
ማስቀመጫ የለው፣ መላኪያም የለው አብሮ።
በቀኝ በኩል ብቻ መሸብለያዋ አለች፣
ጽሑፉ ረዝሞባት የሩዝ ፍሬ ያከለች።

ወንበር ሳብኩላቸው።
ሃያ አንድ መስመር ወደ ታች ሸብልዬ፣
አንዲቷን ደግሜ፣ እንዳትሾልክ ብዬ፣
የስክሪኑን ፎቶ በተራ አነሳሁ፤
ሦስት መቶ ካለፈ መቁጠሩን ረሳሁ።
በእያንዳንዱ ፎቶ ከግርጌው ተለጥፎ
ቢጫ ማሳሰቢያ አለ፣ አይጠፋም ተገፍቶ፦
«ፈቃድዎ አብቅቷል»፤ ደግሞ «ፈቃድዎ አብቅቷል»፤
ወንዙ ግን ከላዩ ያለፈቃድ ፈስሷል።

ላለማንበብ ነበር ሐሳቤ። አልሆነም።
«ጁላይ ሦስት። ሁለት ሜትር ከአሥራ አራት። ጭቃ።
ጁላይ አራት። ሁለት ከሠላሳ። ጉንፋን ያዘኝ።
አምስት። ያው።
ስድስት። ያው። የጎረቤት ጀልባ ሰጥማ አደረች።
ሰባት። አልወጣሁም ነበር፤ ማታ በባትሪ ሄጄ ለካሁ።»

ቢጫውን ከየፎቶው ቆርጬ፣ ጫፍ ከጫፍ ገጥሜ፣
የአርክቴክቶቹን ጥቅል ወረቀት ጎርሶ እስኪተፋ ቆሜ፣
አለቃዬ ናዛሪዮ «ቀለሜን!» ብሎ መጣ፤
ጎንበስ ብሎ አነበበ፤ ዝም ብሎ ወጣ።

ሃያ ስድስት ሜትር። ከሒሳብ መቀበያው
በሩ ድረስ ሄዶ፣ እዚያ ተጣጥፎ
ተመልሶ መጣ።
ዶኛ ኤርሲሊያ ተንበርክከው በጣታቸው ሲወርዱ፣ ሲወርዱ፣
አንዲት ቦታ ቆሙ።

«ይህ ቀስት ምንድን ነው? ለምን ጠቆመበት?
ከዚህ ሁሉ ቀን መርጦ ምን ነገር አየበት?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። የእኔ ማውስ ነበር፤
ሳነሳ ረስቼው የቀረ ከመስመሩ ዳር።

«አዎ፣ እሱ ነው» ልል ቃሉ ምላሴ ላይ ደረሰ።
ከዚያ፣ «የእኔ ጥፋት ነው፤ ማውሱን አላራቅሁም» አልኩ።
ለጊዜው ጣሪያውን የሚደበድበው ዝናብ ብቻ አወራ።
«ቢሆንም» አሉ፣ «መነጽሬ ጉም ይዟል፤
አንተው አንብብልኝ።»

«ማርች ዘጠኝ። ልኬት የለም። የባሕር አንበሳ
መለኪያው ደረጃ ላይ ተኝቶ፣ አልነሳ
ብሎኝ ተመለስኩ። በዓይን ግምት አንድ ተኩል።
ሲያንኮራፋ ኤርሲሊያን መሰለኝ። እንዳትሰማ።»

ሳቁ። እጃቸውን ወረቀቱ ላይ ጥለው፣
ዓይናቸው እስኪረጥብ፣ «ውሸታም!» ብለው፣
«አላንኮራፋም እኔ! አንኮራፍቼም አላውቅ!»

ጥቅልሉን በሁለት ፌስታል አሰርንላቸው።
እንደ ሕፃን ትከሻቸው ላይ አጋድመውት ወጡ፣
ወደ ወንዙ ሳይሆን ወደ አውቶቡሱ።

አንድ ነገር ግን አለ። ከመጨረሻው ቀን ታች
ባዶ መስመር ነበር፤ እዚያች ቦታ ላይ ነች
ጠቋሚዋ ሰረዝ፣ ብልጭ ድርግም የምትል፣
«የነገውስ ስንት ነው?» እንደማለት ያህል።

ሁለቴ አነሳኋት፤ ለማንም አልነገርኩም።
በአንደኛው ፎቶ በርታለች፤ በሌላው የለችም።

የበራችውን አተምኩ።