ሃያ አራተኛው ጥርስ

ሃያ ሦስቱ ጥርስ ልክ ነው፤
ሃያ አራተኛው ወፈረ።
ካሊፐሩን በሸሚዜ ጠርጌ ደግሜ ለካሁ፤
ያው ነው። ብረት አላፈረ።

ከሂርማታ ጀርባ፣ ከአዌቱ ወንዝ ወዲህ፣
ያልታሰበ የጥቅምት ዝናብ ቆርቆሯችን ላይ ምስማር ይዘረግፋል።
ሊሙ ላይ አንድ መፈልፈያ ቆሟል፣ ማርሹን አጥቶ፤
ቀይ ቡናው በየጆንያው ይሞቃል፣ ይተነፍሳል።
አባ ዲጋ በየሰዓቱ ይደውላል፦
«ደረሰ?» ይላል። «ሊደርስ ነው» እላለሁ።
ቃሌም እንደ ጥርሱ ወፈረ፤ እኔ ግን አፍራለሁ።

የድሮው ሞተር፣ ስቴፐሩ፣ መደርደሪያ ላይ ተጋድሟል፣
አቧራ ለብሶ፤
ስምንት ዓመት ያንን ጠረጴዛ አዙሮ፣ አዙሮ፣
አንዳንዴ እርምጃ ዘሎ፣ አንዳንዴ አነክሶ።
«አርጅቷል» ብዬ ያወረድኩት እኔው ነኝ።
«ሰርቮ ይግባ፣ ዓይን ያለው፣ የረገጠውን የሚቆጥር» ብዬ
የጋሽ ሙዘይንን የስድስት ወር ትርፍ ያስበላሁትም እኔው።
ዓይናማው ሞተር አሁን ዓይኔ እያየ ይስታል።

ከኢንኮደሩ ገመድ ጀመርኩ፤ ከስፒንድሉ ገመድ ጋር
እንደ ሁለት ሐሜተኛ ገጥሞ ነበር፤ ለየሁት፤
ሽፋኑን በአንድ ጫፍ ብቻ ከመሬት አሰርኩት።
ያው።
ጌይኑን ቀነስኩ፤ ማቃሰቱን ተወ፣ መሳቱን አልተወም።
ጌይኑን ጨመርኩ፤ እንደ ወባ በሽተኛ ተንቀጠቀጠ፣
ጥርሱ ግን አልቀጠነም።
ሂሳቡን ከሥሩ ሠራሁ፦ የትሉ ማርሽ ዘጠና ለአንድ፣
ለአንድ ዙር አሥር ሺህ ምት፤
በካልኩሌተር፣ ከዚያ በጣቴ፣ ከዚያ በሲሚንቶ ወረቀት ጀርባ።
ሂሳቡ ንጹሕ ነው።
መብራት ሄደ።

በጨለማው ውስጥ ጋሽ ሙዘይን ሳል አለ።
«አሮጌውን እንመልሰው ይሆን?» አለ፣
ከቤት ስላስወጡት ሰው በሚወራበት ድምፅ።
መልስ አልሰጠሁም።

ዘኪያ ናት፣ ከፖሊቴክኒክ ለልምምድ የመጣችው፣
ገና ሦስተኛ ሳምንቷ፤
«ጋሼ፣ ቀለም ላድርግበት?»
«ምኑ ላይ?»
«ዘንጉና ካፕሊንጉ የሚገናኙበት ላይ።»
ከቦርሳዋ የጥፍር ቀለም አወጣች፣ ቀይ፤
በስልኳ መብራት አንድ ቀጭን መስመር ሳበች፣
ከሞተሩ ዘንግ ተነስቶ ካፕሊንጉን የሚሻገር።
አስቂኝ መሰለኝ። አልሳቅኩም። ምናልባት ትንሽ።

መብራት መጣ። ሃያ አራት ጊዜ አዞርነው፣ በባዶ።
የድራይቩ ስሕተት፦ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ።
ቀዩ መስመር ግን ተበጥሷል፤
ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ፣
እንደ ተኳረፉ ጎረቤቶች።

የድሮው ዘንግ ጎኑ ተልጦ ነበር፣ ለቡሎኑ መቀመጫ፤
የአዲሱ ክብ ነው፣ ልሙጥ፣ ሲያዩት የሚያምር።
ያቺ ስንዴ የምታህል ቡሎን ምኑን ትያዝ?
በተነሳ ቁጥር ፀጉር ታህል ትንሸራተታለች፤
ደግሞ ፀጉር ታህል።
እያንዳንዱ ጥርስ ፀጉሩን ሰርቆ አለፈ፣
ዕዳው የመጨረሻው ላይ አረፈ።

ሞተሩ እውነቱን ነበር፤ የዞረውን ቆጠረ።
ጠረጴዛውም እውነቱን ነበር፤ የደረሰውን ያህል ዞረ።
እኔ ነኝ በመካከላቸው አንዴ ብሩጎላ አዙሬ
«በሉ ተያያዙ» ብዬ የሄድኩ።

ሞተሩን አወረድን። ብናኝ እንዳይገባበት በጨርቅ ጠቅልለን
ዘንጉን በሞረድ ላጥነው፤ እሷ ያዘች፣ እኔ ሞረድኩ፤
ኋላ እኔ ያዝኩ፣ እሷ ሞረደች፤ የሷ ይበልጥ ቀና።
ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ሃያ አራቱም ልክ ወጡ።
አባ ዲጋ ደወለ። «ደረሰ» አልኩት።
አላመነኝም።

ወፍራሙ ጥርስ ያለበት ማርሽ ዛሬ በሩን ይደግፋል።
ዘኪያ ልምምዷን ጨርሳ ሄዳለች፤
የጥፍር ቀለሟ ብልቃጥ ከብሩጎላዎቹ ጎን ተቀምጧል፣
ግማሽ ቀርቶታል።
ሞተሩ ቆሞ ሳለ አሁንም ትንሽ ያንጎራጉራል፤
ለምን እንደሆነ አላገኘሁትም።