ሲካፈል ለሁለት መቶ ሃያ

ከአራዳ ጊዮርጊስ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣
የእንጨት ሰገነቱን በሽቦ አንጠልጥሎ፣
ዛሬ ነገ ሊፈርስ ሲባል የከረመ፣
እልኸኛ ፎቅ አለ፣ አዘምሞ የቆመ።

እላይ፣ የትርፌ ነው፣ የሴቶች ፀጉር ቤት።
ሐሙስ ዕለት ጠራችኝ፣ የላስቲክ ሽታ ቢሸታት።
ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ናስትሮ ይዤ ወጣሁ፤
ከቆጣሪው ደርሼ ክዳኑን ገለጥሁ።
ባልቦላው ውስጥ አገኘሁ የመዳብ ሽቦ፣
የሆነ ብልጥ እጅ ጠምጥሞት ደራርቦ።

«ማነው የሠራልሽ?»
«የጎረቤት ልጅ ነው። ከዚያ ወዲህ ተቃጥሎ አያውቅም፣ ሰላም ነው።»
ግድግዳውን ዳሰስሁ።
ትኩሳት እንዳለበት ልጅ ግንባር ይሞቃል።

ደረሰኝ ገለበጥሁ፣ እርሳስ ከጆሮዬ፤
ይህን ነው ያስያዘኝ መምህር ጥላዬ፣
ተግባረ ዕድ ሳለሁ፣ ጠመኔ አቡንኖ፦
«ዋት ማለት ሥራው ነው፣ ቮልት ግፊት ሆኖ።
አካፍል፤ ሥራውን ለግፊቱ አካፍል፤
አምፔር የምትለው ያ ነው የሽቦው ዕድል።»

ካስኩ አንድ ሺህ አንድ መቶ። ሁለት ናቸው። ደመርሁ።
ሁለት ሺህ ሁለት መቶ። ለሁለት መቶ ሃያ ከፈልሁ።
አሥር።
ፎኑ አንድ ሺህ አምስት መቶ አርባ፤ እሱ ብቻውን ሰባት።
«ትርፌ፣ አሥር ለሚችል ሽቦ አሥራ ሰባት ጫንሽበት።
ባልቦላ መቃጠሉ ክፋት መሰለሽ ወይ?
ሌባ ሲመጣ የሚጮኽ ዘበኛ አፉ ይታፈናል ወይ?»

ማበጠሪያ እንደያዘች ዝም አለች ጥቂት።
«ማታስ?» አለች፣ «መብራቱ ሲደክም፣ ይብሳል ጭነት?»

ጥሩ ጠየቀች። ወረቀት ላይ፣ ግፊቱ ሲቀንስ
አምፔሩ ይበዛል፤ ግን ወረቀት ሁሉን አይጨርስ።
ካስክ ሙቀት ብቻ ነው፤ ግፊት ሲያንሰው ይለግማል፣
ለብ ብሎ ያመሻል፣ ሽቦውም ያርፋል።
ጉዱ ሞተር ላይ ነው። ያ ፍሪጅ፣ ጥግ ላይ የሚያቃስተው፣
ግፊት ወረደ ብሎ ሥራ የማይቀንሰው፣
ያንኑ ልሥራ ሲል ብዙ ይስባል፣ ብዙ፣
ጥምጥም አንጀቱ እስኪያር፣ እስኪደርቅ ወዙ።

አባቴ ትዝ አለኝ።
ማተሚያ ቤት ነበር፣ የእርሳስ ፊደል ሲለቅም፤
ደመወዙ ሲያንስ ሸክሙን አይቀንስም፤
ዝም ብሎ ከራሱ ይስባል፣ ይስባል፣
ከውጭ ሲያዩት ፀጥታ፣ ከውስጥ ግን ይግላል።
እሱን ያሰላልን ሰው አልነበረም።
ይህን ለትርፌ አልነገርኋትም።

ወፍራም ሽቦ ዘረጋሁ፣ ሁለት ነጥብ አምስት፣
ባልቦላውን ቀየርሁ፣ ባለ አሥራ ስድስት።
«ሦስቱን አንድ ላይ ግን እንዳትለኩሺ» አልኋት፤
«አንዷ አምፔር ትርፍ ናት።»
በስሟ ሳቀች፤
ደረሰኙን ወስዳ መስታወቱ ጥግ ሰካች።

ጥር ገባ። ቅዳሜ። ገና ጎህ ሲቀድ ስልኬ ጮኸ፦
«አካፈልሁት! ካስኮቹ አሥር፣ ፎን ሰባት፤ ያቺው አንዷ ተረፈች።
ሙሽራዋና እህቷ ካስክ ውስጥ ናቸው፣ ሚዜዋ ግን ተቀየመች።»
«እና ምን አደረግሻት?»
«ፀሐይ ስትወጣ፣ ከነቢጉዲዋ በረንዳ ላይ አስቀምጣታለሁ።
እሷስ ስንት ዋት ናት?»

ረፋዱ ላይ በቸርችል ሽቅብ ስወጣ አንጋጥጬ አየሁ።
በዚያ ያዘመመ ሰገነት፣ ጭንቅላቷን ለፀሐይ ሰጥታ፣
አንዲት ልጅ ቆሎ ትቆረጥማለች፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ቅያሜዋን ረስታ።
እርሳሴን ከጆሮዬ አወረድሁ።
መለስሁት።